ውኃ ሲያንሰው የሚያብበው፦ ቡጋንቪላ በጣና ዳር

የካቲት አጋማሽ ላይ ባሕር ዳር እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐዩ ጠንከር ይላል። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ገና አልመጣም፤ ዘንባባዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የመንገድ አካፋዩ ሣር ቀለሙን ለውጦ ገለባ መስሏል። ክረምት ላይ ከአጥር አጥር ይዘሉ የነበሩት የዱር ሐረጎች ደርቀው ሽቦው ላይ እንደተጠመጠሙ ቀርተዋል። በዚህ ሰዓት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ የሐይቁን ዳርቻ ይዞ የሚራመድ ሰው ደማቅ ቀለም የሚያየው አንድ ተክል ላይ ነው። ከግንብ አጥር አናት ተነሥቶ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ እስከ እግረኛ መንገዱ ድረስ የተንዠረገገ፣ ቅጠሉ እስኪጠፋ ሐምራዊ የለበሰ ቡጋንቪላ።

አላፊ አግዳሚው ብዙ ጊዜ የሚገምተው ባለቤቱ ጠዋት ማታ እያጠጣ እንዳሳመረው ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያ አጥር እንዲህ የደመቀው ጥቅምት ላይ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ማንም ብዙ ስላላጠጣው ነው። ጥቂት ቤቶች አልፎ ደግሞ በየማለዳው የውኃ ጎማ የሚዘረጋለት ሌላ ቡጋንቪላ አለ። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ እሾሁ ረዝሟል፣ ቅርንጫፉ ጣራ አልፏል፤ አበባው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሁለቱም ከአንድ እናት ግንድ የተቆረጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የለያያቸው አያያዝ ነው።

ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ስለተቀመጠች ውኃ የማይቸግራት ከተማ ትመስላለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዓመት የምታገኘው ዝናብም ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ ብዙ ነው። ችግሩ አብዛኛው በአራት ወር ውስጥ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ወርዶ ማለቁ ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ እስከ ግንቦት ድረስ አይዘንብም ማለት ይቻላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ከቧንቧ የሚመጣው ውኃም በየሰፈሩ በፈረቃ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚተከል ነገር ሁሉ ሁለት አገር መቻል አለበት፦ አራት ወር ረግረግ፣ ሰባት ስምንት ወር ደረቅ። ጽጌ ረዳ ያለ ብዙ ውኃ በጋውን አይወጣም። ሣር ያለ ውኃ ይሞታል። ቡጋንቪላ ግን በጋውን ይፈልገዋል።

ከሪዮ ዲ ጄኔይሮ ወዲህ

ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ አገሩ ብራዚልና ጎረቤቶቿ ናቸው። ወደ አውሮፓ ዕፅዋት ተመራማሪዎች መዝገብ የገባው በ1767 እ.ኤ.አ. ነው። ሉዊ አንትዋን ደ ቡጋንቪል የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር ጉዞ አዛዥ ዓለምን ለመዞር ወጥቶ መርከቦቹ ሪዮ ዲ ጄኔይሮ ባረፉበት ጊዜ፣ አብሮት የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ፊሊቤር ኮሜርሶን ይህን ሐረግ ሰበሰበና በአዛዡ ስም ጠራው።

ከኮሜርሶን ጎን አንድ ረዳት ነበር፤ ሸክም የሚሸከም፣ ተራራ የሚወጣ፣ ቅጠል የሚያደርቅ። የወንድ ልብስ ለብሳ በመርከቡ የተሳፈረችው ይህች ረዳት ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። በፈረንሳይ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ሴት መሳፈር በዚያን ዘመን የተከለከለ ነበር። ኮሜርሶን በጉዞው ወቅት እግሩ ቆስሎ ይሠቃይ ስለነበር ቡጋንቪላን ከዱር ቆርጣ ያመጣችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እርግጡ ነገር፣ ዣን ባሬ ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና መመዝገቧ ነው። ኮሜርሶን አልተመለሰም፤ በ1773 እ.ኤ.አ. ሞሪሸስ ላይ ሞተ። ተክሉ ግን በዚያ መንገድ ከታወቀ በኋላ ከቅኝ ግዛት ወደ ቅኝ ግዛት፣ ከወደብ ወደ ወደብ ተጓዘ። ዛሬ ከድሬዳዋ እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞምባሳ እስከ ካይሮ፣ ፀሐይ ባለበት ከተማ ሁሉ አጥር ላይ አለ።

በየግቢው የምናያቸው በአብዛኛው ከሁለት ሦስት ዝርያዎች የወረዱ ናቸው። አንደኛው ስፔክታቢሊስ ነው፤ ቅጠሉ ሲዳሰስ ጸጉራም ነው፣ እሾሁም ረጅምና ቀልበስ ያለ ነው። ሁለተኛው ግላብራ ይባላል፤ ቅጠሉ ለስላሳና አብረቅራቂ፣ እሾሁ አጠር ያለ፣ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚያብብ ነው። ከዲቃሎቹ ዝነኛው ቀዩ «ሚስስ በት» ሲሆን በ1910 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያዋ ካርታሄና ተገኝቶ ወደ ትሪኒዳድ ተወሰደ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ቀይና ብርቱካንማ ዓይነቶች ብዙዎቹ የእርሱ ወገን ናቸው። ለግቢው ቡጋንቪላ የሚመርጥ ሰው ከቀለሙ በፊት ቅጠሉን ቢዳስስ ይሻለዋል። ልጆች በሚሮጡበት ጠባብ ግቢ ውስጥ የስፔክታቢሊስ እሾህ ቀላል ነገር አይደለም።

አበባው የትኛው ነው?

ከአንዱ አጥር ላይ አንድ ዘለላ ቀጥፎ መዳፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከሩቅ አበባ የመሰሉት ሦስቱ ሐምራዊ ክንፎች ቀርበው ሲታዩ ቅጠሎች ናቸው፤ ጅማታቸው እንደማንኛውም ቅጠል ከግርጌ ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ይበተናል። ሲነኳቸው ደረቅና ስስ ናቸው፣ ይንኮሻኮሻሉ። በየአንዳንዳቸው መካከለኛ ጅማት ላይ አንዲት ቀጭን ቱቦ ተጣብቃለች፤ ቁመቷ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም፣ ጫፏ ላይ ነጭ ወይም ክሬም ኮከብ ትከፍታለች። አበባዋ እርሷ ናት። ክንፎቹ የተሠሩት ቢራቢሮና ሌላ ጎብኚ ለመጥራት ነው። ትንሿ አበባ በጥቂት ቀን ትዘጋለች፣ ባለቀለሞቹ ቅጠሎች ግን ሳምንታት ይቆያሉ። አጥሩ ለረጅም ጊዜ የሚደምቀው ለዚህ ነው።

ቀለሙም ለብቻው የሚወራለት ነው። የአብዛኞቹ አበቦች ቀይና ሐምራዊ ቀለም አንቶሲያኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ይመጣል። ቡጋንቪላ ይህን አያመርትም። የእርሱ ቀለም ቤታላይን ይባላል፤ በየቤታችን ለሰላጣ የምንቀቅለውን ቀይ ሥር የሚያቀላውም እርሱ ነው።

ወደ እሾሁ እንምጣ፤ የአያያዙ ምሥጢር ያለው እዚያ ነውና። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ አንዲት ቅንጣት ትወጣለች። ያቺ ቅንጣት ሁለት ዕድል አላት። ተክሉ ውኃና ናይትሮጅን ጠግቦ፣ ቀኑም ረዝሞ በእድገት ላይ ከሆነ ቅንጣቷ ትጠነክርና እሾህ ትሆናለች። ቀኑ ሲያጥር፣ ፀሐዩ ሲበረታና ሥሩ ውኃ ሲያንሰው ግን ያቺው ቅንጣት ተዘርግታ የአበባ ዘለላ ትሆናለች። እሾህና አበባ ከአንድ ቦታ የሚወጡ የአንድ አካል ሁለት መልኮች ናቸው። በየማለዳው የሚጠጣው ቡጋንቪላ በእሾህ የተሞላው ባለቤቶቹ ሳያውቁ ምርጫውን ስለወሰኑለት ነው።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች የቀን ርዝመት ልዩነቱ ብዙ አይሰማንም፤ ተክሉ ግን ይሰማዋል። ሰኔ ላይ ቀኑ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ያጥራል። የቀኑ ማጠር ከዝናቡ መቆም ጋር በአንድ ወቅት ይመጣል። ተክሉ ከሚፈልጋቸው ሦስት ነገሮች ሁለቱን የጣና ዳር ሰማይ በነጻ ይሰጠዋል፤ ሦስተኛው፣ ብሩህ ፀሐይ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየቀኑ አለ። ከእኛ የሚጠበቀው ማበላሸቱን መተው ነው።

ችግኝ መሸጫው ዘንድ

ከከተማዋ መንገድ ዳር ካሉት የችግኝ መሸጫዎች በአንዱ፣ በጆንያ ጥላ ሥር፣ አንድ ወጣት የአትክልት መቀስ ይዞ ተቀምጧል። ከፊቱ ሐምራዊና ብርቱካንማ ቅርንጫፎች ተከምረዋል። ወጣቱ እጁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ቅርንጫፉን ይይዛል፤ ጫፍ ላይ ያለውን ለጋውን ክፍል ይጥላል፤ ግርጌ ላይ ያለውን ያረጀ ግንድም አይፈልገውም። የሚመርጠው መሐሉን ነው፦ አረንጓዴነቱን ጨርሶ ወደ ቡኒ መለወጥ የጀመረ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል። እርሱን ከስንዝር ትንሽ ባነሰ ቁመት ይቆራርጠዋል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አራት አምስት አንጓ መኖሩን በጣቱ ይቆጥራል። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር ገደድ አድርጎ ይቆርጣል፤ የላይኛውን ቀጥ ያደርገዋል፤ እንዲህ ሲሆን የትኛው ወደ መሬት እንደሚገባ አይሳሳትም። ቅጠሉን በሙሉ ያራግፋል። ከዚያ አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት ፕላስቲክ ውስጥ ግማሹን አልፎ ይቀብረዋል።

አንዲት እናት ቀረብ ብለው ሰላምታ ከሰጡት በኋላ፣

«ልጄ፣ ካቻምና ከዚሁ የወሰድኩት ቀዩ አበባ እስካሁን ቅጠል ብቻ ሆነብኝ። ሌላ ቀይርልኝ» ይሉታል።

«በስንት ቀን ነው የሚያጠጡት፣ እትዬ?»

«በየቀኑ ነው እንጂ። አበባ አይደል?»

«ማዳበሪያስ ያገባሉ?»

«ለበቆሎ ከመጣው ዩሪያ ቆንጠር እያደረግሁ እሰጠዋለሁ።»

«እንግዲያው ደኅና ነው፣ መቀየር አያስፈልገውም። ዩሪያውን ይተዉት። ውኃውን እስከ ፋሲካ ድረስ ሳሳ ያድርጉት። ቅጠሉ ጠውለግ ሲል አይደንግጡ፤ ያኔ አንዴ ጠገብ አድርገው ያጠጡትና ደግሞ ይተዉት።»

ሴትዮዋ ብዙም ሳያምኑት ሄዱ። ወጣቱ ግን ልክ ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ በቆሎ ቅጠል አውጥቶ እንዲፋፋ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ለቡጋንቪላ ሲሰጥ ውጤቱ ያው ነው፦ ቅጠልና እሾህ። አንድ እፍኝ የበሰለ ብስባሽ በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሲገባ፣ ከበቂ በላይ ነው።

ሥር የመስደድ ሥራው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ብቻ ተክሉ ሕፃን ስለሆነ አፈሩ መድረቅ የለበትም፤ ጥላም ይፈልጋል። አዲስ ቅጠል ስላወጣ ብቻ ሥር አወጣ ማለት አይደለም፤ ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ያቆጠቁጣልና። ነቅሎ ለማየት የሚቸኩል ሰው ገና የበቀለውን ሥር ይበጥሰዋል። የቡጋንቪላ ሥር ከሌሎች ተክሎች የተለየ ስስና ተሰባሪ ነው፤ ተገዝተው ከተተከሉ በኋላ የሚሞቱት ችግኞች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ችግኙን ከፕላስቲኩ ስቦ ማውጣት፣ አፈሩን ማራገፍ፣ ሥሩን መዘርጋት፣ ሌላ ተክል ላይ የምንሠራው ሁሉ እዚህ ላይ ጥፋት ነው። ፕላስቲኩን ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጦ በምላጭ ከጎን መሰንጠቅ፣ አፈሩ ሳይበተን ፕላስቲኩን ብቻ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ዙሪያውን በአፈር መሙላት ነው።

ከግንብ ላይ ለማፍሰስ

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ አፈሩ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። ከፍ ባለው ቦታ ቀይ አፈር አለ፤ ውኃ ያስተላልፋል፣ ለቡጋንቪላ ይስማማል። ዝቅ ባለውና ወደ ሐይቁ በተጠጋው ቦታ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ነው፤ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውኃ ይዞ አይለቅም። ቡጋንቪላ ድርቅን ይችላል፣ ቆሞ የቀረ ውኃን አይችልም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥሩ ይበሰብስና መስከረም ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ባለቤቱ ደግሞ የጠማው መስሎት ተጨማሪ ያጠጣዋል። ዋልካ ላይ የሚተክል ሰው ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ያለ ድንጋይ ካብ ሠርቶ፣ ቀይ አፈር ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ቀላቅሎ፣ እዚያ ላይ ቢተክል ተክሉ ዕድሜ ያገኛል። ለክረምቱ እንዲጠነክር መትከያው ጥሩ ጊዜ የሰኔ መግቢያ ነው።

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ መሆን አለበት። ዋርካ ጥላ ሥር ወይም በረጅም ሕንፃ ሰሜናዊ ግርጌ ተተክሎ የሚያብብ ቡጋንቪላ የለም። ሰው ሁሉ ውኃና አፈሩን እየለዋወጠ ይቸገራል፤ ብዙ ጊዜ የጎደለው ፀሐይ ነው።

ተክሉ እንደ ወይን የሚጠመጠም ክር የለውም፣ እንደ አንዳንድ ሐረግ ግንብ ላይ የሚለጠፍ እግርም የለውም። በዱር የሚወጣው በእሾሁ ሌላ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ ነው። ከግንብ አናት ላይ እንዲፈስ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ከላይ መትከል ነው፤ እርከን ወይም ሰገነት ካለ ማሰሮውን እዚያ አስቀምጦ ቅርንጫፉን ወደ ታች መልቀቅ። በማሰሮ ውስጥ ሥሩ ስለሚጨናነቅ እንዲያውም ቶሎ ያብባል፤ የቀለም ቆርቆሮም ሆነ የተቆረጠ ጀሪካን ታቹ ከተበሳ ይበቃል። ሁለተኛው ከግርጌ ተክሎ አንድ ወይም ሁለት ዋና ግንድ ብቻ መምረጥ፣ የጎን ቅርንጫፎቹን እየቆረጡ ግንዱን በገመድ ከግንቡ ጋር እያሰሩ አናት ማድረስ፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ይህ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠይቃል። ትዕግሥት ያጡ ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ቅርንጫፍ ይተዉትና ከግርጌ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል፤ መሬቱን ይይዛል፣ ግንቡ ባዶውን ይቆማል።

መቀሱ መቼ ይምጣ? አበባው የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ ያልተገረዘ ቡጋንቪላ ከዓመት ዓመት አበባው ወደ ላይ እየሸሸ ይሄዳል። ለባሕር ዳር የሚስማማው ትልቁ ገረዛ የግንቦት መጨረሻ ነው፤ የበጋው አበባ አልቋል፣ ዝናቡ ሊገባ ነው። ያኔ ያለርኅራኄ ማሳጠር ይቻላል፤ ክረምቱ መልሶ ያለብሰዋል። መስከረም ሲጋመስ ደግሞ ክረምቱ ያስረዘማቸውን ለጋ ቅርንጫፎች ጫፍ ጫፋቸውን መቁረጥ ነው፤ ከእያንዳንዱ የተቆረጠ ጫፍ ሥር ሁለት ሦስት አዲስ ቡቃያ ይወጣል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ያብባሉ። ለገና ግቢው እንዲያምር ብሎ ታኅሣሥ ላይ የሚከረክም ሰው ሊያብብ የነበረውን ይጥላል።

ጓንት ሳያደርጉ አይጠጉት። እሾሁ ይወጋል፣ ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ያመረቅዛል፤ ፈሳሹ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። በዚህ ረገድ በከተሞቻችን መንገድ ዳር የሚተከለው ቡጋንቪላ ያሳስበኛል። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዶች እየሰፉ አበባ እየተተከለ ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን እሾሃም ቅርንጫፍ በሰው ዓይን ቁመት ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም። ማየት የተሳናቸው ሰዎች በዚያው መንገድ በበትር ይሄዳሉ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይገፋፋሉ። ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ መትከል፣ ወይም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገርዘው ሰው መመደብ የግድ ነው።

ሌላው የብራዚል አበባ

ቡጋንቪላ ከመጣበት የዓለም ክፍል የመጣ ሌላ ውብ አበባ ጣና ላይ አለ። ሐምራዊ ነው፣ ዘለላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የላይኛው የአበባ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። እንቦጭ ነው። የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ የሆነው ይህ ተክል በዓለም የተሰራጨው በአበባው ውበት ምክንያት ነው፤ ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ወሰዱት። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነበር። ጣና ላይ የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን የጀመረውም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ካህኑ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል የታየበት ዘመቻ ገና ከአእምሮ አልጠፋም።

አጥር ላይ ደግሞ የወፍ ቆሎ አለ። እርሱም ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣ፣ በአንድ ዘለላ ላይ ቢጫና ሮዝ የሚያወጣ፣ ድርቅ የሚችል፣ ለዓይን የሚያምር ቁጥቋጦ ነው። ፍሬውን ወፎች ይበሉና በየግጦሹ ይዘሩታል፤ ከብት ሲበላው ይታመማል። ስለዚህ አንድ ተክል ድርቅ ስለቻለና ስላማረ ብቻ ጣና ዳር ይተከል ማለት አይቻልም። ሌላም መጠየቅ አለበት፦ ሰው ሳይተክለው ይሄዳል ወይ?

ቡጋንቪላ በዚህ ፈተና ያልፋል። የምንተክላቸው ዲቃሎች ዘር የሚይዙት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ሰው ቆርጦ ካልተከላቸው ከአጥሩ አይወጡም።  ይህም ቢሆን ሁሉንም ነገር ለእርሱ እንተው ማለት አይደለም። ንብ ከእርሱ ብዙ የምታገኘው የለም፤ ጎጃም ደግሞ የማር አገር ናት። ከጎኑ ጠምበለል ቢተከል ነጭ አበባውና ሽታው ምሽቱን ይሞላል፤ ሐረጉም የአገራችን ነው። ወደ ደጋ ከፍ ባለ ቦታ ግቢ ያለው ሰው ቀጋን ያስብ። ቀጋ ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው አፍሪካ ብቸኛ አገር በቀል ጽጌ ረዳ ነው፤ ቅርንጫፉ ቀስት ሆኖ ይጎብጣል፣ ነጭ አበባ ያወጣል፣ ቀይ ፍሬውን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። በችግኝ መሸጫዎች ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ብዙም የማይገኙት ገዢ ስለማይጠይቃቸው ሳይሆን አይቀርም።

የሐይቁ ጠርዝ ደግሞ የማንም ጌጥ ቦታ መሆን የለበትም። እዚያ ባለቤቱ ደንገል ነው። ታንኳ የሚሠራበት፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት፣ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደውን ደለልና ማዳበሪያ አጥሮ የሚያስቀር እርሱ ነው። ያ ማዳበሪያ ሐይቁ ሲገባ እንቦጭን ይመግባል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናንና ዙሪያውን፣ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ቦታ፣ በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ከጠበቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ረግረጋማ ዳርቻ ነው። ደንገልን ነቅሎ በምትኩ ሣር ማንጠፍ፣ ሣሩንም በጋውን ሙሉ ከሐይቁ እየሳቡ ማጠጣት፣ ዩሪያ መበተን፣ በየትኛውም ስሌት ኪሳራ ነው። ውኃው ይባክናል፣ ማዳበሪያው ተመልሶ ሐይቁ ይገባል፣ ሣሩም መጋቢት ላይ መጥወልገጉ አይቀርም።

ስለዚህ ለከተማዋ አትክልት ሠራተኞችና በሐይቁ ዳር ለሚገነቡ ሁሉ የምለው ይህ ነው፦ ግንቡንና የመንገዱን ከፍታ ለቡጋንቪላ ስጡት፣ የውኃውን ጠርዝ ለደንገል ተዉለት፣ ሣሩን ሰው በእውነት በሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ወስኑት። ግቢ ላላቸው ደግሞ፦ በዚህ ግንቦት ስትገርዙ ቁራጩን አታቃጥሉት። እርሳስ የሚያህሉትን መርጣችሁ ለጎረቤት ስጡ፤ ሰኔ ላይ የተተከለ ቁራጭ ቅጠል አወጣ ብላችሁ አትንቀሉት፣ ጥቅምት ላይ ጠነከረ ብላችሁም ጎማ አትዘርጉለት። በየማለዳው የሚያጠጣ ጎረቤት ካላችሁም ንገሩት።